ስምንት ወርዋሪና የጋሼ ኣፅብሃ ልጅ

ቤዝቦል የሚሉትን ጨዋታ አልወድም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት፣ አንዱ ሲወረውር ሌላው ሳይመታ የሚቀርበት፣ ከዚያም ሁሉም እንትፍ ብሎ ወደ ቦታው የሚመለስበት ነገር እንዴት ጨዋታ እንደሚባል እስከ ዛሬ አልገባኝም። የገባቸው ጋሼ ኣፅብሃ ነበሩ። ሜልበርን ምዕራብ ውስጥ ካለነው ሐበሾች ቤዝቦል ያወቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ ብል የሚከራከረኝ የለም። እኛማ የምንነቃው እግር ኳስ ሲነሳ ነው።

ጨዋታውን የተማሩት አስመራ ነው። የአዲግራት ልጅ ናቸው፤ በአሥራ አራት ዓመታቸው ሥራ ፍለጋ አስመራ ገብተው የአሜሪካ ወታደሮች የነበሩበት ቃኘው ጣቢያ ተቀጠሩ። መጀመሪያ ሥራቸው ሜዳው ላይ በኖራ ነጭ መስመር ማስመር ነበር። ቀጥሎ ዱላና ጓንት መሰብሰብ ሆነ። በኋላ አንድ ሳጅን እርሳስ ሰጥቶ የውጤት መዝገብ አያያዝ አስተማራቸው። እያንዳንዱ ውርወራ፣ እያንዳንዱ ምት፣ እያንዳንዱ ስህተት በትንንሽ ሳጥን ውስጥ በምልክት ይሰፍራል። ሳጅኑ "ያየኸውን ጻፍ፣ የወደድከውን አትጻፍ" ብሏቸው ነበር። ጋሼ ኣፅብሃ ይህችን ቃል ካርቱም ስደት ላይም ሆነው አልረሷትም።

ሜልበርን የገቡት በ1984 በፈረንጆቹ ነው፤ ከባለቤታቸው ከእትዬ አጸደና ካርቱም ከተወለደው ከስድስት ዓመቱ ነቢዩ ጋር። በመጡ በወሩ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከሥራ ፍለጋ ሲመለሱ በአውቶቡስ መስኮት ሜዳ ያያሉ። በኖራ የተሰመረ ሜዳ። ደወሉን ተጭነው ወረዱ። እትዬ አጸደ ሲነግሩኝ "ወተት ይዞ ነበር፤ ማታ ሲመጣ ወተቱ ተበላሽቷል" ይሉ ነበር። ያን ቀን መስመሩ ጠማማ መሆኑን ለሜዳው ጠባቂ ነገሩት፤ እሱም "እንግዲህ አንተ አስምረው" አላቸው። እንዲህ ሆነው የሄሮንስ ክለብ ሰው ሆኑ። ሄሮን በማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር በአንድ እግሩ የሚቆም ረጅም ወፍ ነው፤ ክለቡ ስሙን ከእሱ ወስዷል። ፈረንጆቹም ኣፅብሃ ማለት ቢያቅታቸው "ኤብ" አሏቸው።

እኔ ያወቅኋቸው ሰንሻይን ዌስት በነበረው የካርቶን ፋብሪካ ነው። ሁለታችንም የከሰዓት ሺፍት ነበርን። ዘገዬ እባላለሁ፤ በዕድሜ ታናሻቸው ነኝ፤ መኪና ስለነበረኝም ሳልወድ የቤዝቦል ሾፌር ሆኜ ቀረሁ። እሳቸው ከመረቡ ኋላ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ፣ እኔ ከጎናቸው ጋዜጣ አነባለሁ። በዚያው አግዳሚ ላይ አሥራ አንድ ዓመት አብረዋቸው የተቀመጡ ሁለት ደጋፊዎች ነበሩ። አንደኛው ኖርም የሚባል ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው፤ ነገር ሁሉ የማይጥመው ሰው። ሁለተኛዋ ጆይስ ናት፤ ትምህርት ቤት ካንቲን ትሠራለች፤ ኖርም ጥቁር ካለ ነጭ ትላለች።

ለማያውቅ ሰው ይህን ያህል ይበቃል፦ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ አንዱ ደግሞ ከመቺው ኋላ ጭንብል አድርጎ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቆ፣ ቁጢጥ ብሎ ይቀበላል። ወርዋሪውን ሁሉ ያየዋል። ተቀባዩን የሚያየው ኳስ ያመለጠችው ዕለት ነው። ነቢዩ በሄሮንስ የልጆች ቡድን ተቀባይ ነበር። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ያን ጭንብል ሲያደርግ አድጎ አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ትከሻው ሰፊ፣ ነገሩ ዝግ ያለ፣ አማርኛ ቢሰማም መልሱ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የሆነ ልጅ ነው። ጎበዝ እንደነበረ ጨዋታውን የማልወደው እኔ እንኳ አይ ነበር። ከመቺዎቹ ወገን የሆነ ሰው ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሰርቆ ሊሮጥ ሲል ነቢዩ ቁጢጥ ካለበት ብድግ ብሎ ይወረውራል፤ ሯጩ ሳይደርስ ኳሷ ቀድማው ትጠብቃለች፤ እሱም ወደቀ ይባላል።

አንድ ቀን ግን ከሜዳው የተላከች ኳስ ከጓንቱ አመለጠች። ነጥብ ተቆጠረ። ኖርም "የላካት ልጅ ነው ያበላሸው" አለ፤ ጆይስም ለአንድ ጊዜ ተስማማች። ጋሼ ኣፅብሃ እርሳሳቸውን አንስተው ስህተቱን በልጃቸው ስም ጻፉ። "ውርወራው ደህና ነበር። መያዝ ነበረበት" አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዋናው አሠልጣኝ ዳግ "የኤብ መዝገብ ላይ ያለው ነገር ተፈጽሟል ማለት ነው" ማለት አመጣ። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አላለኝም። ልጁ ሲወጣ የአባቱን ፊት እያየ ነበርና።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር አብራችሁ አስቀምጡልኝ ሌላውን ጠባያቸውን። ጋሼ ኣፅብሃ ልጃቸውን በሰው ፊት አመስግነው አያውቁም። አይገርምም፤ የእኛ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። አባት ልጁን ዝቅ ያደርጋል፣ እንግዳ ከፍ ያደርጋል። "ልጅዎ እንዴት አደገ!" ስትላቸው "ኧረ ምን ያድጋል፣ ሲበላ ብቻ ነው የምታየው፤ ሰነፍ ነው" ይላሉ። ያን ጊዜ አንተ "ኧረ ተዉ! እንዲህ አይበሉ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ የት ይገኛል" ማለት አለብህ። እሳቸው "አንተ ነህ ያልከው" ብለው ወደ ሻዩ ይዞራሉ፤ ፊታቸው ግን ይፈታል። ነገሩ የሁለት ሰው ሥራ ነው። የራስን ልጅ ማወደስ ነውር ነው፤ ዓይንም ይስባል። ስለዚህ ውዳሴው በሌላ ሰው አፍ ይመጣል።

የሄሮንስ ሊግ ስድስት ክለቦች ነበሩት። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ከክፍለ ግዛቱ አማተር ልጆች መካከል በተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ክለብ አሥር ልጅ። ዕድሉ እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ብቻ ነው። በ1996 ካልተመረጠ ነቢዩ አለቀለት፤ ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ለመዝናናት ከሚጫወቱት ጎልማሶች ጋር ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ያን ዓመት ቤታቸው ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። እትዬ አጸደ እንኳ ጨዋታው ሳይገባቸው ስለት ተስለው ነበር።

ኦገስት ላይ ዳግ ሜድስቶን ካለው ቤታቸው ድረስ መጣ። መምረጡ የእሱ ኃላፊነት ነበርና ከመምረጡ በፊት የየልጁን ወላጅ ያነጋግራል። እሁድ ከሰዓት ነው፤ ፍልሰታ ስለነበር የምስር ሳምቡሳና ሻይ ቀረበ። እኔም ነበርኩ። እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ፍሪጅ ሳዘዋውር ነቢዩን እንዲያግዘኝ ጠይቄው "ፕራክቲስ አለኝ" ብሎኝ ቀርቶ ነበር። ፍሪጁን ብቻዬን ስጎትት ወገቤ ተቀጨ። ቂም ይዤ ነበር ማለት ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ከሳምቡሳው ጋር አብራ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጣለች።

ዳግ ሦስተኛውን ሳምቡሳ ጨርሶ እጁን ጠረገና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። "ኤብ፣ አንተ ከሁሉም በላይ ታውቀዋለህ። ስለ ልጅህ ንገረኝ" አላቸው።

ጋሼ ኣፅብሃ ፈገግ አሉ። "ምኑ ይነገራል?" አሉ በዚያ አሜሪካ አሜሪካ በሚሸት እንግሊዝኛቸው። "ሰነፍ ነው። ሰው አይሰማም። ትንሽ ነገር ሲከብደው ተስፋ ይቆርጣል። ገና ልጅ ነው፣ አልበሰለም።"

ብለው ሻያቸውን አነሱ። የሚጠብቁትን ስለማውቅ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል። ዳግ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ "እውነት ነው ወይ?" እንደማለት ነው። የእኔ ተራ ነበር። "ኧረ ተዉ ጋሼ" ማለት ነበረብኝ። አፌ ሙሉ ነበር። ፍሪጁም ትዝ አለኝ። አዎ እንደማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

ዳግ ያንንም ጻፈ። ቆይቶ ሁለተኛው ሳህን ሳምቡሳ መጣ፤ ያመጣው ነቢዩ ነው። አስቀምጦ ማንንም ሳያይ ተመለሰ። የዚያ ቤት ማድ ቤትና ሳሎን መሐል ሳህን የሚቀባበሉበት ትንሽ መስኮት አለ፤ እትዬ አጸደ ለሙቀት ብለው ክፍት ይተዉታል። ያን ጊዜ ይህን ልብ አላልኩም።

የምርጫው ዝርዝር በፋክስ ክለቡ የደረሰው ሴፕቴምበር አጋማሽ፣ ቅዳሜ ነው። እሁድ ጠዋት ስንደርስ ኖርምና ጆይስ የክለቡ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ሥር ቆመው መከራከር ጀምረዋል። ጋሼ ኣፅብሃ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። እንደገና ከታች ወደ ላይ አነበቡ። የልጃቸው ስም የለም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ስምንት ወርዋሪ" አለ ኖርም። "ከአሥሩ ስምንቱ ወርዋሪ። ስምንቱ ሲወረውሩ ማን ሊቀበላቸው ነው? አጥሩ?"

"ባለፈው ጃንዋሪ ስንት ወርዋሪ ቀረን?" አለች ጆይስ። "ሁለት። አንዱ ትከሻው፣ አንዱ ክርኑ፣ አንዱ ለሠርግ ብሎ ኩዊንስላንድ ሄዶ ቀረ። የወርዋሪ ክንድ ዕቃ ነው፤ ይሰበራል። ስምንት ወስደህ ሦስት ከተረፈልህ ተመስገን በል።"

"አንደኛውን እይ። የጂሎንጉን ግራኝ።"

"ሁለት ሜትር ሊሞላ ነው። ሲወረውር አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ። ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ እሱም አያውቅም። ኤብ፣ ንገራት።"

ጋሼ ኣፅብሃ ከቦርሳቸው የባለፈውን በጋ መዝገብ አወጡ። ገጹን አገኙ። "ፌብሩዋሪ ላይ እዚህ ወርውሮ ነበር" አሉ። "በአራት ዙር፣ ኳሷ አልቃና ብላው፣ ሰባት ሰው በነፃ አሳልፏል። ዘጠኝ መቺ ደግሞ ኳሷን ሳያስነካ ጥሏል።"

"ዘጠኝ!" አለች ጆይስ።

"ሰባት!" አለ ኖርም።

እንዲህ እያሉ ስምንቱንም አንድ በአንድ ገለበጧቸው። የዌሪቢው ልጅ ዝግ ያለ ውርወራ ያውቃል፤ ጆይስ ወዳዋለች። የፍራንክስተኑ ክርኑን በፋሻ ጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ኖርም "ይኼ ለክለብ ሳይሆን ለሐኪም የተመረጠ ነው" አለ። በሌላ ቀን ቢሆን ጋሼ ኣፅብሃ ከሁለቱም በላይ ይሞቃቸው ነበር። ያን ቀን ሲጠየቁ ቁጥር ይናገራሉ፣ ከዚያ መዝገቡን ይዘጋሉ። አሳዘኑኝ። ምን ዓይነት ደደብ ክለብ ነው ብዬ በልቤ ዳግን ስረግመው፣ ዳግ ራሱ የበር ቁልፍ እያሽከረከረ ገባ።

ኖርም አልለቀቀውም። "ዳግ፣ አንድ ነገር አስረዳኝ። የኤብ ልጅ እዚሁ እጅህ ላይ ተቀምጦ፣ ባለፈው ዓመት የሰረቀበትን ሁሉ ሲጥል እያየህ፣ ስምንት ወርዋሪ?"

ዳግ ጋሼ ኣፅብሃን አያቸው። ያፈረ ሰው አልነበረም። እንዲያውም እጁን ትከሻቸው ላይ አደረገ።

"ዝርዝሬ ላይ ሁለት ተቀባይ ነበሩኝ" አለ። "አንዱን በመጀመሪያው የምርጫ ዙር ሌላ ክለብ ወሰደው። ሁለተኛው ነቢዩ ነበር፤ በሦስተኛው ዙር ልወስደው ነበር ያሰብኩት። ግን ኤብ ቤቱ ተቀብሎኝ እውነቱን ነገረኝ። ሰነፍ ነው፣ አይሰማም፣ ሲከብደው ይተዋል አለኝ። ጓደኛውም ተስማማ። ተቀባይ ሲከብደው የሚተው ከሆነ ቡድኑ ሁሉ ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሰረዝኩት፤ ከእሱ ወዲያ ዝርዝሬ ላይ የቀረው ወርዋሪ ብቻ ስለነበር ወርዋሪ በወርዋሪ ሞላሁት።" ወደ ኖርም ዞረ። "በዚህ ዓመት አርባ አባት ቤት ገብቻለሁ። ሁሉም ልጁ የዓለም አንደኛ ነው። ያልዋሸኝ ኤብ ብቻ ነው። ለዚህ አከብረዋለሁ።"

ጆይስ ወለሉን አየች። ጋሼ ኣፅብሃ መዝገቡን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ስምንቱ ወርዋሪ ከየት እንደመጡ ሰው ሁሉ ሲከራከር ዋለ፤ የመጡት ከሻይ ጠረጴዛ ነው። የመጡት እኔ ካልመለስኳት አንዲት ቃል ነው።

ወደ ቤት ስነዳ ወንዙን ተሻገርን። ከዚያ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አሉ።

"ጋሼ፣ ፈረንጅ ባህላችንን አያውቅም። የእርስዎ ጥፋት አይደለም" አልኩ።

"እሱ አያውቅም" አሉ። "አንተስ?"

ስለ ፍሪጁ ልነግራቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አልነገርኳቸውም።

ነቢዩ ስሙ አለመኖሩን ቅዳሜውኑ ሰምቷል፤ ለወላጆቹ አልተናገረም። እሁድ ቤት ስንደርስ ጭንብሉን፣ የደረት መከላከያውንና ጓንቱን በአንድ ፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ጋራዡ በር ላይ አስቀምጦታል። ለእርዳታ ሱቅ ሊሰጠው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ብርቱካን ለቀማ ሚልዱራ ወደምትባል ሩቅ የገጠር ከተማ ሊሄድ የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጧል። እትዬ አጸደ አለቀሱ። "መቼ ትመለሳለህ?" ሲሉት "አላውቅም" አለ። ጋሼ ኣፅብሃ ከረጢቱን አንስተው ማንም ሳያይ አልጋ ሥር ከተቱት።

ሰኞ ከሥራ በፊት "ዳግ ዘንድ ውሰደኝ" አሉኝ። ዳግ ሰንሻይን ጎማ መሸጫ ነበረው። መንገድ ሙሉ ሲለማመዱ ሰማኋቸው፤ በእንግሊዝኛ "ልጄ በጣም ጎበዝ ነው" ይላሉ፣ ይቆማሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ስድሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሰው ናቸው፤ በዕድሜያቸው ያችን ዓረፍተ ነገር ተናግረዋት አያውቁም። ሳያቸው ልቤ ተነካ።

ዳግ ከጎማው ክምር መሐል ወጣ። ጋሼ ኣፅብሃ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ስለ ልጄ ያልኩህ ነገር…" አሉ። "ልጄ…" ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩ። "ልጄ ያን ያህል መጥፎ አይደለም።"

ይኸው ነው የወጣቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ "በጣም ጎበዝ ልጅ ነው፤ ባህላችን ስለሆነ ነው እንደዚያ ያሉት" ብዬ ቶሎ ቶሎ አስረዳሁ። ዳግ እያዘነ ፈገግ አለ። ባለፈው ወር ራሴን ስነቀንቅ ያየኝ ሰው ነው፤ አሁን ምን ብሎ ይመነኝ?

"ኤብ፣ አትቸገር" አለ። "ምርጫው አልቋል፣ ወረቀቱም ለሊጉ ገብቷል። ብፈልግም መለወጥ አልችልም። ደግሞ አንዴ እውነቱን ነግረኸኛል። አሁን ብትለውጠው ነው ቅር የሚለኝ።" እጃቸውን ጨብጦ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ማክሰኞ ጠዋት ስፔንሰር ስትሪት ጣቢያ ወሰድኳቸው። እትዬ አጸደ መሰነባበቱን አልችልም ብለው ቤት ቀሩ። ነቢዩ አንድ ቦርሳ ብቻ ይዟል። ጋሼ ኣፅብሃ የአሥር ዓመቱን መዝገቦች በላስቲክ አስረው ብብታቸው ሥር ይዘው ነበር፤ ለምን እንዳመጧቸው እኔም አልጠየቅሁ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል።

"ነቢዩ" አሉት። "ዳግ ያልመረጠህ በእኔ ነው። ሰነፍ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ፣ ዳድ" አለ በእንግሊዝኛ።

"እንደዚያ የሚባለው ለወጉ ነው። እውነቴን አልነበረም።" መዝገቦቹን ሰጡት። "እውነቱ እዚህ ውስጥ ነው። ሰርቀው ሊሮጡ ካሉት ሠላሳ አንድ ሰው የጣልከው ባለፈው በጋ ብቻ ነው። ቃኘው ሳለሁ ስንት ዓመት ስንት ተቀባይ አየሁ። አንተን የሚያህል አላየሁም።"

ልጁ መዝገቦቹን ተቀበለ። "ስለ እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትለው" አለ። "ደግሞ ያላየኸውን አትጽፍም። እኔም እውነት መስሎኝ ነበር።" አባቱን አቀፈ፤ አባቱም ኮቱን ጨምድደው ይዘው አለቀሱ። እኔ ቦርሳውን ላስጭን ብዬ ወደ አውቶቡሱ ጎን ሄድኩ። በእውነቱ መሸሼ ነበር።

ነቢዩ ተከትሎኝ መጣ። ቦርሳውን ከእጄ ወሰደና፣ በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአማርኛ አነጋገረኝ። ሰባራ አማርኛ ነው፤ ግን አንዱም ቃል አላመለጠኝም።

"ጋሼ ዘገዬ፣ አባ ሰነፍ ነው ሲል፣ እንግዳ ሁልጊዜ 'ኧረ ተዉ' ይላል። ትንሽ ሆኜም እሰማለሁ። ያን ቀን በመስኮቱ ቆሜ ነበር። ኧረ ተዉ የሚል ሰው ጠበቅሁ።"

ገብቶ መስኮት ዳር ተቀመጠ፤ በሩ ተዘጋ።

መኪናው ውስጥ ስንገባ ጋሼ ኣፅብሃ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው "ምን አለህ?" አሉኝ። ቻው ነው ያለኝ ብዬ ልዋሽ እችል ነበር። ነገርኳቸው። ራሴን መነቅነቄንም፣ ፍሪጁንም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጆሯቸው ውስጥ ሲገባ አየሁት፤ እንደሚገባኝ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እርሳሳቸው እንደ ሁልጊዜው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አውጥተው በጣታቸው አገላበጡት፤ የሚጽፉበት መዝገብ ግን ወደ ሚልዱራ እየሄደ ነው።

"ውርወራዬ ደህና አልነበረም" አሉ በመጨረሻ። "አንተም መያዝ ነበረብህ። ስህተቱ በሁለታችንም ስም ይጻፋል።"

ከዚያ እርሳሱን መልሰው ኪሳቸው ከተቱና "ንዳ፣ ሺፍት ይደርስብናል" አሉኝ።